አምስት ሚሊዮን ኮደሮች እና አንዲት ቁልፍ

ላፕቶፓችሁ ላይ «ሰላም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ «ሰ3አ0» ብሎ ይመልስላችኋል። አጥፍታችሁ ደግማችሁ ትሞክራላችሁ፤ ያው «ሰ3አ0»። ወደ እንግሊዝኛ ብትቀይሩትም አይሻለውም፤ ግማሹ ፊደል በትክክል ይመጣል፣ ግማሹ ቁጥር ይሆናል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተራ በተራ መጥቶ ይነካካዋል። አንዱ «ቫይረስ ነው» ይላል፣ ሌላው «ውኃ ገብቶበት ይሆናል» ይላል፣ ትንሹ ልጅ ይጠረጠራል። በመጨረሻ ላፕቶፑ በቦርሳ ታቅፎ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ችግር ነው። «አገር በስንት ነገር ተወጥራ አንተ ስለ ኪቦርድ ታወራለህ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ። ይህቺ ብልሽት (እንዲያውም ብልሽት ልትባል እንኳ አይገባትም) ስለ ትምህርታችን፣ ስለ ቋንቋችን እና «ዲጂታል ኢትዮጵያ» ስለምንለው ነገር ከብዙ የአፈጻጸም ሪፖርት የተሻለ ትናገራለች ባይ ነኝ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ታሪኩ እ.ኤ.አ. ወደ 1981 ይወስደናል። በዚያ ዓመት አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ለገበያ ሲያቀርብ ኪቦርዱ 83 ቁልፎች ነበሩት። ዛሬ የምናውቃቸው ራሳቸውን የቻሉ የቀስት ቁልፎች አልነበሩትም። በቀኝ በኩል የተደረደሩት የቁጥር ቁልፎች ሁለት ሥራ ደርበው ይሠሩ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ሌላ ጊዜ ከርሰሩን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳሉ። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሠሩ የሚወስነው ነም ሎክ የሚባለው ቁልፍ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ 101 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ መጣ፣ ቀስቶቹም የራሳቸውን ቦታ አገኙ። ነም ሎክ ግን ውሉ አልቆም ቤቱን እንደማይለቅ ተከራይ እዚያው ቀረ።

ላፕቶፕ ሲመጣ ደግሞ ቦታ ጠበበ። የቁጥሮቹን ረድፍ ለብቻው የሚያኖሩበት ስፍራ ስላልነበረ አምራቾቹ ቁጥሮቹን በፊደላቱ ላይ ደረቧቸው። ዩ፣ አይ እና ኦ 4፣ 5 እና 6 ሆኑ። ጄ፣ ኬ እና ኤል 1፣ 2 እና 3 ሆኑ። ኤም 0 ሆነች። ከላይ ያሉት 7፣ 8 እና 9 ባሉበት ቀሩ። ይህ ድርብ ሥራ ያላቸውን ላፕቶፖች ዓይናችሁን አቅርባችሁ ብታዩ፣ በፊደሉ ጥግ ወይም በቁልፉ ጎን ቁጥሩ በሌላ ቀለም በትንሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ነም ሎክ ሲበራ እነዚያ ፊደላት ወደ ቁጥር ይዞራሉ፤ ሲጠፋ ይመለሳሉ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ፊደልና ቁጥር መደባለቁ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። የግዕዝ ቁጥሮቻችን ፩፣ ፪፣ ፫ መነሻቸው የግሪክ ፊደላት ናቸው፤ ግሪኮች ፊደላቸውን ለቁጥርም ይገለገሉበት ነበር። ልዩነቱ እነሱ ሆን ብለው ማድረጋቸው ነው። እኛ ኪቦርዱን ስንወለውል፣ ቦርሳ ውስጥ ስንከተው ወይም ሕፃን ሲነካካው ሳናውቀው ይበራብናል።

ለእኛ ለሰበታና ለአካባቢው ሰዎች አንድ ጥሩ መፈተሻ ልንገራችሁ። የከተሞቻችንን ስም በቁቤ ጻፉ። «ሰበታ» ስትሉ ምንም አይበላሽም፤ ከፊደላቷ አንዱም ቁጥር ከተደረበባቸው ውስጥ የለም። «ቡራዩ» ስትሉ ዩዎቹ ሁሉ 4 ይሆናሉ። «ሱሉልታ» ስትሉ ደግሞ መሐሉ ላይ 4343 ይሰካል። ውጤቱ እንዲህ ከሆነ ኪቦርዳችሁ ጤነኛ ነው፤ ነም ሎክ በርቶ ነው። በተቃራኒው በግራ እጅ የሚነኩት ፊደላትም ከተዘበራረቁ፣ አንዱን ስትነኩ ሁለት ከመጣ፣ ወይም ጭራሽ የማይሠሩ ቁልፎች ካሉ በሽታው ሌላ ነው። ያኔ የፈሰሰ ሻይ ወይም ያረጀ ኪቦርድ ጠርጥሩ፤ ጥገና ቤት መሄዱም አግባብ ነው።

መድኃኒቱ

አንደኛው መንገድ ሁለት ቁልፍ አብሮ መጫን ነው። ከታች በግራ በኩል ኤፍኤን የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ይዛችሁ ነም ሎክ የተጻፈበትን ትነካላችሁ። ነም ሎክ በሁሉም ላፕቶፕ አንድ ቦታ ላይ አይደለም፤ በአንዳንዱ ከኤፍ 11 ጋር፣ በሌላው ከስክሮል ሎክ ወይም ከኢንሰርት ጋር ተደርቦ ይገኛል። ስሙም ብዙ ጊዜ አጥሮ ነው የሚጻፈው። ኤፍኤን የተጻፈበትን ቀለም እዩና በዚያው ቀለም «ነም» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ታገኙታላችሁ።

ቁልፉ ከጠፋባችሁ ወይም አልሠራ ካለ፣ ዊንዶውስ ራሱ ስክሪን ላይ የሚወጣ ኪቦርድ አለው። ስሙ ኦን ስክሪን ኪቦርድ ይባላል። እሱን ከፍታችሁ «ኦፕሽንስ» የሚለውን ተጫኑ፤ የቁጥር ቁልፎቹን የሚያሳየውን ምርጫ ምልክት አድርጉ። ያኔ ነም ሎክ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ በማውዝ ትነኩታላችሁ፤ ይጠፋል።

ሦስተኛው መንገድ ከጎረቤት የዴስክቶፕ ኪቦርድ መዋስ ነው። በዩኤስቢ ሰክታችሁ ነም ሎኩን ትነኩና መብራቱ እስኪጠፋ ታያላችሁ። በነገራችን ላይ በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ሰው ቢሮ ውስጥ ትልቅ ኪቦርድ ሰክቶ ሲሠራ ይውላል፣ ነም ሎኩን እንዳበራው ይነቅለዋል፣ ቤቱ ሲገባ ላፕቶፑ «አብዷል»።

ይህ ሁሉ የሚፈጀው ሰከንዶችን ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ዲግሪም አይፈልግም። ታዲያ ለምን ጽሑፍ ይጻፍበታል?

ዋጋው የት ላይ ነው?

አንድ የመመረቂያ ጽሑፉን እያገባደደ ያለ ተማሪ እናስብ። ላፕቶፑን ይከፍታል፤ ፓስወርድ ይጠየቃል። ፓስወርዱ ውስጥ ኤል አለች፣ ኦ አለች፣ ኤም አለች። ነም ሎክ በርቷል፤ እሱ ግን አያውቅም። ስክሪኑ ላይ የሚያየው ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ 3፣ 6 እና 0 ከነጠብጣቡ ጀርባ ተደብቀዋል። «ፓስወርዱ ትክክል አይደለም» ይባላል። ደግሞ ይሞክራል፤ አሁንም ትክክል አይደለም። አሥር ጊዜ ከሞከረ በኋላ የራሱን ማስታወስ መጠራጠር ይጀምራል።

ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል። «ምን ሆነ?» ሲባል «ፓስወርዱ ጠፋብኝ» ይላል። በሽታውን በስሙ አልጠራውም፤ ስለማያውቀው። ባለሙያው የሰማውን ይዞ ይፈርዳል፤ ፎርማት። ላፕቶፑ ከሰዓታት በኋላ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ፓስወርድ የለም፣ ቁጥር የለም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም የለም።

የሚያሳዝነው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ፎርማቱ «ሠርቷል»። ፊደሉ ተስተካክሏልና። ብዙ ጊዜ ግን ያስተካከለው ፎርማቱ አይደለም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ነም ሎኩ አብሮ መጥፋቱ ነው። ባለሙያውም ደንበኛውም ግን «ኪቦርድ ሲያብድ መድኃኒቱ ፎርማት ነው» የሚል ትምህርት ይዘው ይለያያሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ተማሪ ሲመጣ ይኸው መድኃኒት ይታዘዛል። ስሕተት እንዲህ ነው ልምድ የሚሆነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለው ተረት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ለነገሩ መፍትሔው እዚያው የመግቢያው ገጽ ላይ ነበር። በዊንዶውስ መግቢያ ገጽ ላይ፣ ከታች በቀኝ ጥግ፣ የተደራሽነት ምልክት አለ። እሱን ስትነኩት ስክሪን ላይ የሚወጣው ኪቦርድ ይመጣል፤ ፓስወርዱን በማውዝ ፊደል በፊደል መጻፍ ይቻላል። በብዙዎቹ ደግሞ ከፓስወርዱ ሳጥን አጠገብ የዓይን ምልክት አለች፤ ስትጫኗት የጻፋችሁትን ታሳያችኋለች። ነጠብጣቡ ቁጥር መሆኑን ለማየት ይህቺ ዓይን ትበቃ ነበር።

ለምን እኛ ጋ ይበረታል?

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ትናንሽ ላፕቶፖች ይህን ፊደል ላይ ቁጥር መደረብ ትተውታል። ትልልቆቹ ደግሞ ለቁጥሮቹ የራሳቸውን ቦታ ሰጥተዋቸዋል። ስለዚህ በሀብታሞቹ አገሮች ችግሩ እያረጀ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ላፕቶፕ ግን ብዙው ሌላ አገር ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ላፕቶፕ የደመወዝተኛ ሕልም ሆኗል። ተማሪው የሚገዛው ያገለገለ ነው፤ አሮጌ ኤችፒ፣ አሮጌ ዴል፣ አሮጌ ሌኖቮ። አንዳንዱ የጀርመን ኪቦርድ ይዞ ይመጣል፤ ዋይ እና ዜድ ቦታ ተለዋውጠውበታል። አንዳንዱ የዓረብኛ ፊደል ተጽፎበታል። ከማሽኑ ጋር የቀድሞ ባለቤቶቹ የተሻገሩት ችግርም አብሮ ይመጣል፤ የአጠቃቀም መመሪያው ግን አይመጣም።

ማሽኑ ያገለገለ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም። ነገር ግን ያረጀ መኪና የሚነዳ ሰው ከአዲስ መኪና ነጂ የበለጠ ስለ ሞተሩ ማወቅ እንዳለበት ሁሉ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚጠቀም ኅብረተሰብም ስለ ማሽኑ የበለጠ ማወቅ ነበረበት። የኛ ነገር ተገላቢጦሽ ነው።

ስም የሌለው በሽታ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ የደበቅነው ነገር የለም፤ የምንጠራበት ስም ነው ያጣነው። «ኪቦርዴ አበደ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ የትም አያደርስም። «ነም ሎክ» የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ መፈለግ አያስፈልገውም። ዕውቀቱን ለማግኘት ዕውቀቱ ያስፈልጋል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ያለ ሰው ሁልጊዜ ከፋይ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። ፊደላችን ከማሽን ጋር የታገለው ዛሬ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ መጻፊያ መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ለላቲን ፊደል በተሠራች ትንሽ ማሽን ላይ ከ200 በላይ ፊደላትን እንዴት ማስገባት ይቻላል? ኮምፒውተር ሲመጣ ጥያቄው ተመለሰ። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ሰጠ፤ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ያኔም ሰው «ቫይረስ ነው» ይል ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ካቀረበው ቪስታ ጀምሮ ኒያላ ከሚባለው ፎንት ጋር አማርኛን ይዞ መጣ። ይህን ያስገኙት ባለሙያዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው።

ዛሬ በአማርኛ መጻፍ ችለናል። በአማርኛ መጠገን ግን ገና አልቻልንም። ማሽኑ ሲታመም የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ መልሱም በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። በአፋን ኦሮሞ ለሚጽፈው ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ቁቤ ከአምስቱ አናባቢዎቹ ሦስቱ፣ ማለትም ዩ፣ አይ እና ኦ፣ የተቀመጡት ቁጥር በተደረበባቸው ቁልፎች ላይ ነው። በዚያ ላይ አናባቢ ስለሚደገም ቁጥሩም ይደገማል። ነም ሎክ የበራበት ላፕቶፕ ላይ የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ የስልክ ቁጥር ዝርዝር ይመስላል።

ትምህርት ቤቱስ?

የአይሲቲ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ተማሪው የኮምፒውተር ትውልዶችን በቅደም ተከተል ይሸመድዳል፣ ሃርድዌርንና ሶፍትዌርን ይተረጉማል፣ ራም እና ሮም ልዩነታቸውን ይጽፋል፣ ፈተናውን ያልፋል። ኮምፒውተር ግን በበቂ የለም፤ ባለበትም አንዱ ማሽን ለብዙ ተማሪ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። እንዲህ የተማረ ልጅ ኪቦርድ «ኢንፑት ዲቫይስ» መሆኑን ያውቃል። ቁጥር ሲጽፍበት ምን እንደሚያደርግ ግን የነገረው የለም።

ይህ ጉዳይ ድሮ የቅንጦት ሊባል ይችል ነበር። አሁን አይቻልም። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. አንሥቶ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። እስቲ አስቡት፤ ዓመቱን ሙሉ ያጠናች ልጅ ፈተና አዳራሽ ገብታ የመጠቀሚያ ስሟንና ፓስወርዷን ስትጽፍ «ትክክል አይደለም» ስትባል። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። ፈታኙ ነም ሎክን ካወቀ አንድ ቁልፍ ነክቶ ይሄዳል። ካላወቀ ልጅቷ ማሽን እስኪቀየርላት ትጠብቃለች፣ ልቧም ይሸበራል። ከከተማ የመጣው፣ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ይህ አያጋጥመውም፤ ቢያጋጥመውም አይደነግጥም። የዲጂታል ልዩነት የሚባለው ነገር በመጽሐፍ ላይ ከባድ ቃል ነው፤ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ግን እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ናት።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚለውን ስትራቴጂ አጽድቋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ተጀምሯል። ዓላማውን አልቃወምም፤ ከዚያ ተምረው ሕይወታቸው የሚለወጥ ወጣቶች እንዲበዙም እመኛለሁ። ጥያቄዬ የቅደም ተከተል ነው። ኮድ ማለት በፊደል፣ በቁጥርና በምልክት የሚጻፍ ነገር ነው። ፊደሉ ቁጥር ሲሆንበት ላፕቶፑን ይዞ ጥገና ቤት የሚሮጥ ወጣት የመጀመሪያ ኮዱን ከመጻፉ በፊት የሚያስፈልገው አንድ ሳምንት የማሽን ትውውቅ ነበር። ቤት የሚሠራው ከመሠረቱ እንጂ ከጣሪያው አይደለም።

ከሰበታ የሚወሰድ ትምህርት

ሰበታ ስትነሣ አብሮ ስሙ የሚነሣ አንድ ተቋም አለ፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ። ዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ስክሪኑን በሚያነብላቸው ሶፍትዌር ነው። ከእነዚህ አንዱ ኤንቪዲኤ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ዓይነ ስውራን የጀመሩት፣ በነጻ የሚታደል ሶፍትዌር። እነዚህ ተጠቃሚዎች የቁጥር ቁልፎቹን ገጽ ለማሰስ ስለሚገለገሉባቸው ነም ሎክ መብራቱንና መጥፋቱን ሁልጊዜ ይከታተላሉ። ደግሞም የነኩት ቁልፍ በድምፅ ስለሚነገራቸው አይ ነክተው «5» ሲሰሙ ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ያውቃሉ። የሚያዩት ሰዎች ሰዓታት የሚፈጅባቸውን እነሱ በጆሯቸው ባንድ አፍታ ይደርሱበታል። ሆኖም ፓስወርድ ላይ ሲደርሱ ለእነሱም ፊደሉ አይነበብላቸውም፤ «ኮከብ» ብቻ ነው የሚባሉት።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ። ማሽንን በሚገባ የሚያውቀው እያንዳንዱን ቁልፍ ትርጉሙን ጠይቆ የተማረ ሰው ነው። እነሱ ይህን የተማሩት ግድ ስለሆነባቸው ነው። ሌሎቻችን ግድ እስኪሆንብን ጠበቅን፤ ግድ ሲሆንብን ደግሞ ገንዘብ ከፈልን።

«ጠጋኙስ ምን ይብላ?»

የሚጠበቅ ተቃውሞ አለ። ጥገና ቤት የከፈተው ወጣት የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ግብር ይከፍላል፣ ዕውቀቱን ነው የሚሸጠው፤ በአንድ ቁልፍ መፍትሔ ቢሰጥም ሊከፈለው ይገባል። እስማማለሁ። ሐኪምም ምርመራ አድርጎ «ደህና ነህ» ሲል የምርመራውን ዋጋ እንከፍላለን። ለጊዜውና ለዕውቀቱ መክፈል ትክክል ነው።

ትክክል ያልሆነው ሌላ ነው። ያልተበላሸ ኪቦርድ «ተቃጥሏል» ተብሎ ሲቀየር፣ ደንበኛው ሳይጠየቅ ፎርማት ሲደረግ፣ ምክንያቱ ሳይነገረው ሒሳብ ሲቆረጥበት፣ ያ የዕውቀት ዋጋ መሆኑ ይቀራል፤ ያለማወቅ ቀረጥ ይሆናል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ላፕቶፕ ማስጠገን አገልግሎት ነው። «ምን ነበር ችግሩ?» ብሎ መጠየቅ ነገረኛ መሆን አይደለም፤ መብት ነው።

ደግሞም ቅን የሆኑ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ችግሩን አይተው ስቀው፣ ቁልፉን አሳይተው፣ «ሁለተኛ ለዚህ እንዳትመጣ» ብለው የሚሸኙ አሉ። እንዲህ ያለው ባለሙያ ከደንበኛው አንድ ቀን ገቢ ያጣ ይመስላል፤ ግን ያ ሰው ሃርድ ዲስኩ በእውነት ሲሞት የሚመለሰው ወደ እሱ ነው፣ ዘመዱንም የሚልከው ወደ እሱ ነው። እምነት ከፎርማት የተሻለ ገቢ አለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚለው ነው። አለ፤ ለሚያውቀው። ምን ብሎ እንደሚፈልግ ለሚያውቅ፣ እንግሊዝኛውን ለሚከታተል፣ ዳታ ለሚገዛ። ለቀረው ሰው ዩቲዩብ ላይ ያለው ነገር በቁልፍ የተዘጋ መጋዘን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አላቀርብም።

አንደኛ፣ የአይሲቲ መምህራን የመጀመሪያውን ወር ለቁልፎቹ ይስጡ። ኤፍኤን፣ ነም ሎክ፣ ካፕስ ሎክ፣ ኢንሰርት፣ ቋንቋ መቀየሪያው። ኮምፒውተር በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ የኪቦርድ ሥዕል በካርቶን ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል። የኮምፒውተር ትውልዶች ታሪክ ትንሽ ቢቆይ አይከፋውም።

ሁለተኛ፣ የፈተና አስተባባሪዎች ለፈታኞች የሚሰጡት ገለጻ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ተፈታኝ ፓስወርዷ አልቀበል ሲላት በመጀመሪያ ካፕስ ሎክና ነም ሎክ ይታዩ፤ ከዚያ የዓይን ምልክቷን ነክታ የጻፈችውን ታንብብ። አንድ አንቀጽ የአንዲትን ልጅ ዓመት ሊያድን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጥገና ቤቶች ሁለት ልማድ ቢይዙ መልካም ነው። ከፎርማት በፊት ፋይሉን ኮፒ ማድረግና ባለቤቱን መጠየቅ፤ ደረሰኙ ላይ ደግሞ ችግሩ ምን እንደነበር በአንድ መስመር መጻፍ። ያቺ አንድ መስመር ደንበኛውን ታስተምራለች።

አራተኛው ለእኛ ነው፤ ለምንጽፈው። በዚህ ቻናል ላይ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጦርነትና ሰላም ብዙ ጽፈናል፣ እንጽፋለንም። ነገር ግን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «ይህ ሲሆን ይህን አድርጉ» የሚል ንጹሕ ጽሑፍ መጻፍም ጋዜጠኝነት ነው። እያንዳንዳችን የምናውቃትን አንዲት ብልሽት ከነስሟ ብንጽፍ፣ ነገ «ኪቦርዴ ቁጥር ይጽፋል» ብሎ በገዛ ቋንቋው የሚፈልግ ሰው በገዛ ቋንቋው መልስ ያገኛል።

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ላፕቶፓችሁን ስትከፍቱ ነም ሎክ የት እንዳለ ፈልጉ። አንዴ አብሩት፣ ፊደሉ ቁጥር ሲሆን እዩት፣ መልሳችሁ አጥፉት። ከዚያ ቤት ውስጥ ላለ አንድ ሰው፣ በተለይ ዘንድሮ ፈተና ላለበት ልጅ፣ አሳዩት።

ቸር እንሰንብት።